«የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ከፍታ ምን ያደርገኛል?»

ጥያቄው፦ «46 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ሲሆን አሜሪካ ከገባሁ 17 ዓመት ሆነኝ። በነሐሴ ሁለተኛ ሳምንት ከባለቤቴ፣ ከእናቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር (9 እና 13 ዓመት) ሲልቨርተን አጠገብ ያለውን አኒማስ ፎርክስ የተባለ ኦና የማዕድን ከተማ አይተን፣ በእግራችን ሲናሞን ፓስ ወጥተን ወደ ሌክ ሲቲ ለመውረድ አስበናል። ዓርብ ከሥራ ስወጣ ሌሊቱን ነድቼ ቅዳሜ 4 ሰዓት ላይ ጉዞ እንጀምራለን። መኪናችን ካምሪ ናት። እኔ የደጋ ልጅ ስለሆንኩ ከፍታው አያሳስበኝም፤ የሚያሳስበኝ እናቴ ናት። ከአገር ቤት ከመጣች አሥር ቀኗ ነው፤ 67 ዓመቷ ነው፤ የግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ልጆቹን ጨምሮ ሁላችንም ፍልሰታን እንጾማለን። ውኃ ማጣሪያ ስላለን ከወንዙ እየቀዳን እንጠጣለን። ልጆቹ የድሮውን የማዕድን ዋሻ ገብተው ማየት ይፈልጋሉ። ምን ትመክረናለህ?»

ሥጋትዎ የወደቀው በማይገባው ሰው ላይ ነው። ከአምስታችሁ መካከል ከፍታውን በተሻለ ሊችሉት የሚችሉት እናትዎ ናቸው። ሲልቨርተን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ግድም ላይ ነው ያለው፤ ደብረ ብርሃንም እንደዚያው። እናትዎ እስከ አሥር ቀን በፊት ድረስ በዚያ ከፍታ ሲተነፍሱ፣ ውኃ ሲቀዱና ገበያ ሲወጡ ኖረዋል። እርስዎ ግን 17 ዓመት ያደሩት 1,650 ሜትር ግድም ላይ ነው። ሰውነት ከፍታን የሚለምደው በትውልድ መታወቂያ አይደለም፤ ትናንትና ከትናንት ወዲያ ባደረበት ቦታ ነው። ከፍ ሲሉ አተነፋፈስዎ ይፈጥናል፤ ኩላሊት የደሙን ኬሚካላዊ ሚዛን ለማስተካከል ቀናት ይወስድበታል፤ ቀይ የደም ሴል የሚጨምረው ደግሞ በሳምንታት ነው። ዝቅ ሲሉ ይህ ሁሉ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ከልጅነት የሚቀር ነገር አለ፤ በከፍታ ያደገ ሰው ሳንባው ሰፋ ያለ ነው ይባላል። ግን እሱ ለጥንካሬ ይረዳል እንጂ ከሕመም አያድንም።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚጠቀስልኝ አንድ ጥናት አለ። በ2002 (በፈረንጅ) ታትሞ የወጣው ጥናት በስሜን፣ አምባራስ አካባቢ በ3,530 ሜትር የሚኖሩ አማሮችን ለክቶ፣ የደማቸው የሄሞግሎቢን መጠንም የኦክስጅን ሙሌትም ቆላ ካለ ሰው ብዙም እንዳልራቀ አግኝቷል። እውነት ነው፤ የሚያስደንቅ ግኝትም ነው። ነገር ግን የተለኩት ሰዎች እዚያው የሚኖሩ ገበሬዎች ነበሩ። አውሮራ ገብቶ 17 ዓመት የኖረ ሰው ላይ የተሠራ ልኬት አይደለም። እኔም በዚሁ ስሕተት ገብቼበታለሁ። ከሳንቃበር እስከ ቸነቅ ለዓመታት እንግዳ ስመራ ራስ ምታት እንኳ ነክቶኝ አያውቅም ነበር። ዴንቨር ከከረምኩ በኋላ ግን በአንድ ቀን ወደ 3,500 ሜትር ወጥቼ ድንኳን ተከልኩና ሌሊቱን ሙሉ ሳስመልስ አደርኩ። ነጩ ጓደኛዬ ቀድሞ ሁለት ሌሊት ሲልቨርተን አድሮ ስለነበር እንደ ሕፃን ተኝቶ ነጋለት።

አኒማስ ፎርክስ 3,400 ሜትር፣ ሲናሞን ፓስ ደግሞ 3,853 ሜትር ግድም ነው። «ፓስ» የሚሉት እኛ በር የምንለው ነው፤ ጣርማ በርን ያስቡ። ከሱም አልፈው ጓሳን ያስቡ፤ የመንዝ ጓሳ ከፍተኛው ቦታ ራሱ ከሲናሞን ፓስ ያንሳል። በዚያ ከፍታ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኙት ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚገኘው ከሦስት እጅ ሁለቱን እንኳ አይሞላም። እርስዎ ያሰቡት ደግሞ ዓርብ ማታ ከ1,650 ሜትር ተነሥቶ፣ ሳይተኙ፣ ሳይበሉ፣ በማግሥቱ እኩለ ቀን 3,850 ሜትር ላይ መገኘት ነው። ይህን ዕቅድ ለአንድ ጤነኛ የ25 ዓመት ወጣትም አልፈቅድለትም።

ስለ ሕመሙ ሦስት ደረጃ ይወቁ። የመጀመሪያው ራስ ምታት ሆኖ ከማቅለሽለሽ፣ ከድካም ወይም ከማዞር ጋር ሲመጣ ነው። ይህ ሲሆን ባሉበት ይቆሙ፤ ከፍ አይበሉ፤ ካልተሻለ ይውረዱ። ሁለተኛው ሳንባ ውኃ ሲቋጥር ነው፤ ተቀምጦም የሚያለከልክ፣ ደረቅ ሳል የያዘው፣ ከሌሎች ያለ ወትሮው ወደ ኋላ የሚቀር ሰው ምልክቱ ይህ ነው። ሦስተኛው አንጎል ሲያብጥ ነው፤ ሰውዬው እንደ ሰከረ ይንገዳገዳል። የሚጠረጥሩትን ሰው ተረከዙን ከጣቱ እያገናኘ በቀጥታ መስመር ያስኬዱት፤ ካቃተው በዚያው ደቂቃ ውረዱ። ለኋለኞቹ ሁለቱ ማረፍም ክኒንም ምትክ አይሆንም፤ መድኃኒቱ ቁልቁለቱ ነው። ሲልቨርተን ራሷ ከፍ ያለች ስለሆነች በዚያ አይብቃዎት፤ 2,000 ሜትር ግድም ላይ ወዳለው ዱራንጎ ይዝለቁ። የዘጠኝ ዓመቱን ልጅ ለብቻው ይከታተሉት። ልጆች «ራሴን አመመኝ» ሳይሆን «ሆዴን» ይላሉ፤ ወይም ዝም ብለው ይነጫነጫሉ። ዳያሞክስ የሚባለው ክኒን አስቀድሞ ሲወሰድ ይረዳል፤ ሆኖም በሐኪም የሚታዘዝ ነው፤ የሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት ሰው ደግሞ ሳያማክር አይነካውም።

የእናትዎ ነገር ግፊቱ ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ የከፍታ ቀናት የደም ግፊት ከፍ ሊል ይችላል። ከሚወስዱት ክኒን አንዱ ሽንት የሚያሸና ከሆነ ደግሞ በጾምና በዳገት ላይ ውኃውን አሟጦ ያዞራቸዋል። ከመሄዳችሁ በፊት የክኒኑን ዕቃ ይዘው ሐኪም ያነጋግሩ። የልብ ወይም የሳንባ ችግር እንዳለባቸው ከተነገራችሁ በእግር የሚወጣውን ክፍል ይተዉት። አንድ ነገር ልጨምር፦ ጉዞውን ወደ መስከረም ካዘገያችሁት (ከታች እንደማሳስበው) እናትዎም ይህን ጥቅማቸውን እያጡት ይሄዳሉ። ያኔ እርሳቸውም እንደ እርስዎ የአውሮራ ሰው ናቸው።

ወደ ጾሙ ልሂድ። ፍልሰታ የልጆች ጾም እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከሰባት ዓመት ጀምሮ እየተነሣን አስቀድሰን ያደግን ነን። ስለ ሥርዓቱ የሚናገሩት የንስሐ አባትዎ ናቸው፤ እኔ የማውቀው አካሉን ነው። ከፍ ያለ ቦታ አየሩ ደረቅ ነው፤ ትንፋሽ ስለሚፈጥን በትንፋሽ ብቻ ብዙ ውኃ ይወጣል፤ ሰውነትም ለመልመድ ሲል ሽንት ያበዛል። በዚያ ላይ እስከ 9 ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ አምስትና ስድስት ሰዓት ዳገት መውጣት ለአዋቂ ከባድ ነው፤ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ አደገኛ ነው። አንድ ረቂቅ ነገርም አለ፦ ሁልጊዜ ጠዋት ቡና የለመደ ሰው በድንገት ሲያቋርጥ ራሱን ያመዋል። ያ ራስ ምታት ከከፍታው ራስ ምታት ጋር ይመሳሰላልና የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም። እዚህ ላይ ሌላም የሚወራ አለ፤ «ከፍታ ላይ ቡና አይጠጣም» ይላሉ። ስሕተት ነው። የለመዱትን ያህል ይጠጡ። የሚከለከለው አልኮል ነው፤ በተለይ የመጀመሪያውን ሌሊት፣ የእንቅልፍን ትንፋሽ ስለሚያደክም።

ጾሙ ከሌላ ነገር ጋርም ይጋጫል፦ ከመብረቅ ጋር። ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ከደቡብ የሚመጣ እርጥብ አየር ሲልቨርተን ያለችባቸውን የሳን ህዋን ተራሮችን ይሸፍናል። ጠዋት ሰማዩ እንደ ብርጭቆ የጠራ ይሆናል፤ ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው አየሩ ወደ ላይ ይነሣል፤ ቀትር ላይ ደመናው ይቆለላል፤ ከሰዓት በኋላ ይፈነዳል። ይህ በየቀኑ ሊደጋገም ይችላል። ስለዚህ እዚህ ያለው ደንብ በቀትር፣ ማለትም በእኛ 6 ሰዓት፣ ከዛፍ መስመር (ዛፍ መብቀል ከሚያቆምበት ከፍታ) በታች መሆን ነው። (ሰዓቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ከልጆችዎ ጋር ሲነጋገሩ ግን ይጠንቀቁ፤ «12 ሰዓት ላይ እንነሣለን» ሲባሉ እኩለ ቀን ድረስ የተኙ ልጆች አጋጥመውኛል።) እርስዎ በ4 ሰዓት ጀምረው በሩ ላይ የሚደርሱት ልክ መብረቁ በሚጀምርበት ሰዓት ነው፤ ዛፍ በሌለበት፣ ሊሸሸጉበት በማይችሉበት ቦታ። ነጎድጓድ ከሰሙ ደርሶብዎታል ማለት ነው። ጣሪያው ብረት የሆነ፣ መስኮቱ የተዘጋ መኪና መጠለያ ነው። ባዶው የእንጨት ቤት፣ የዋሻ አፍና የቀረ የብረት ማሽን ግን መጠለያ አይደሉም። መኪና ከራቀ ወደ ታች ይውረዱ፤ ቤተሰቡም ተቃቅፎ አይቁም፤ ተራርቃችሁ ውረዱ።

ሌክ ሲቲን ይርሱት። ከአኒማስ ፎርክስ እስከ ሲናሞን ፓስ 5 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ከበሩ ወዲያ እስከ ሌክ ሲቲ ያለው ግን ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መኪናዎ ደግሞ ከተራራው ወዲህ ይቀራል። የሚመልሳችሁ የለም፤ አብዛኛው መንገድ ላይም ስልክ አይሠራም።

ስለ ካምሪዋ፦ ከሲልቨርተን በመንገዱ ላይ እስካለችው ሌላ ኦና የማዕድን መንደር፣ እስከ ዩሪካ፣ ያለው 13 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ መጀመሪያው አስፋልት፣ ቀሪው ፒስታ ነው፤ ደረቅ ከሆነ ቀስ እያሉ ይገቡበታል። ከዩሪካ በላይ ድንጋዩ ይወጣል፤ ከመሬት ከፍ ያለ መኪና ይፈልጋል። ከአኒማስ ፎርክስ በላይ ደግሞ ባለ አራት ጎማ ጎታች ጂፕ ብቻ ነው የሚያስኬደው። አንዳንዱ «እኔ በኮሮላ ወጥቻለሁ» ይልዎታል። ወጥቶ ይሆናል፤ የዘይት ቋቱን የበሳውም ሰው እንዲሁ ነበር የሚለው። የሌሊት መንዳቱም ሌላ ነገር ነው። በገኒሰንና በሞንትሮዝ በኩል ከመጡ፣ ከዩሬይ ወደ ሲልቨርተን የሚያወጣው መንገድ ሬድ ማውንቴን ፓስን (3,358 ሜትር) የሚሻገር፣ በብዙ ቦታ የጎን መከለያ የሌለው ገደላማ መንገድ ነው። ቀን ሲሄዱበት ያምራል፤ ከስድስት ሰዓት መንዳት በኋላ፣ በእንቅልፍ ዓይን፣ በጨለማ ግን አይሞከርም።

አሁን ወደ ዋሻው። የመልሱ ግማሽ «አይሆንም» ነው፤ ምክንያቱን ግን ለልጆቹ በደንብ ይንገሯቸው፤ ዝም ብሎ የተከለከለ ልጅ ይሾልካል። አኒማስ ፎርክስ ላይ የመጀመሪያው ቤት የተሠራው በ1873 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። በ1883 ከተማው 450 ያህል ሰው ይዞ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ክረምት ለ23 ቀን የጣለ በረዶ 25 ጫማ ያህል ተቆልሎ ሰዎቹ ከቤት ቤት የሚሄዱት በበረዶው ውስጥ ዋሻ እየማሱ ነበር ይባላል። በ1904 ባቡር ገባ፤ ትልቁ የማዕድን መፍጫ ተሠራ፤ በ1910 መፍጫው ተዘጋ፤ በ1920ዎቹ ከተማው ኦና ቀረ። ታዲያ በእነዚያ ዓመታት የተቦረቦረው ተራራ አሁንም ባዶ ነው። የደገፈው እንጨት በስብሷል፤ ወለሉ ላይ ወደ ታችኛው ፎቅ የሚወርዱ ጉድጓዶች በሳንቃና በአፈር ተሸፍነዋል፤ ውስጡ ያለው አየር ኦክስጅን የሌለው ሊሆን ይችላል፤ ይህ አየር ሽታ የለውም፤ ሰው አይታፈንም፣ ዝም ብሎ ይወድቃል። ሊያወጣው የሚገባውም አብሮ ይቀራል። የተረሳ ዲናሚት ከተገኘም ያረጀ ዲናሚት ፈሳሹን ያልባል፤ ሲነኩት ይፈነዳል።

ከላይ መሄድም ሁልጊዜ ደህና አይደለም። ከዩሪካ በላይ ኤማ የሚባል ሐይቅ ነበር። ከሥሩ ሰኒሳይድ የተባለው የወርቅ ማውጫ ወደ ላይ እየማሰ ሄደና ሰኔ 4 ቀን 1978 (በፈረንጅ) የሐይቁ ወለል ተደርምሶ ውኃው በሙሉ በማዕድን ማውጫው ውስጥ አልፎ ወጣ። አንድም ሰው አልሞተም። ዕለቱ እሑድ ስለነበር ሥራ ላይ ማንም አልነበረም። እናትዎ ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ መገመት አያቅተኝም። ለልጆቹ የሚሆነው ግን ሌላው ግማሽ ነው፦ መንደሩ ውስጥ ያሉት ቤቶች ተጠግነው ቆመዋል፤ ወደ ብዙዎቹ መግባት ይቻላል። ከግድግዳው ወደ ውጭ የወጣ ሰፊ መስኮት ያለውን፣ በ1879 የተሠራውን የዱንካን ቤት ያሳዩአቸው። ጣሪያና ደረጃ ላይ መውጣት የለም። ከመሬት ሚስማር እንኳ ማንሣት በፌዴራል ሕግ ያስጠይቃል። ግራጫና ብርቱካናማ የድንጋይ ክምሮቹ ላይም አይጫወቱ፤ እርሳስና አርሴኒክ የያዘ አቧራ ነው፤ ከመብላታቸው በፊት እጃቸውን ያስታጥቧቸው።

ከጥያቄዎ ሁሉ ቶሎ እንዲታረም የምፈልገው ግን የውኃው ነው። ማጣሪያዎ ባክቴሪያንና ጥገኛ ተሕዋስያንን ይይዛል። እዚህ ያለው ችግር ግን በውኃው የሟሟ ብረት ነው፦ ዚንክ፣ ካድሚየም፣ እርሳስ። ማዕድኑ ሲቆፈር ድኝ ያለበት ድንጋይ ከአየርና ከውኃ ጋር ተገናኝቶ አሲድ ሆነ፤ አሲዱም ብረቱን እያሟሟ ይፈሳል፤ ማውጫው ከተዘጋ መቶ ዓመት ቢሞላውም መፍሰሱን አያቆምም። ማፍላትም አያወጣውም፤ እንዲያውም ውኃው ሲተን ብረቱ ይወፍራል። ነሐሴ 5 ቀን 2015 (በፈረንጅ) ከዚያው ብዙም በማይርቀው ጎልድ ኪንግ ማዕድን ማውጫ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ያሠማራቸው ሠራተኞች ሲሠሩ የታቆረው ውኃ ጥሶ 3 ሚሊዮን ጋሎን ያህል ወደ አኒማስ ወንዝ ገባ፤ ወንዙም እንደ እርድ ብጫ ሆኖ እስከ ኒው ሜክሲኮ ድረስ ወረደ። በቀጣዩ ዓመት አካባቢው በፌዴራል መንግሥት የብክለት ማጽጃ መዝገብ ውስጥ ገባ፤ 48 ቦታዎች ተቆጠሩ። «የማየው ውኃ ግን ኩልል ያለ ነው» እንዳይሉኝ፤ ዚንክና ካድሚየም ቀለም የላቸውም። የደጋ ምንጭ ሁሉ ንጹሕ ነው የሚለው ዕውቀታችን ጓሳ ላይ ልክ ነው፤ እዚህ ግን አይሠራም። ለአዋቂ ሦስት ሊትር፣ ለልጅ ሁለት ሊትር ከሲልቨርተን ቀድታችሁ ተሸከሙ።

እንግዲህ እኔ ብሆን የማደርገው ይህ ነው። ጉዞውን በእንቁጣጣሽ ሰሞን አደርገዋለሁ። ጾሙ ተፈትቷል፤ ዝናቡ ቀንሷል፤ መንገዱ ገና በበረዶ አልተዘጋም፤ ወሩ እየገፋ ሲሄድም የተራራው ዛፎች ልክ እንደ አደይ ብጫ ይለብሳሉ። አንድ ቀን ፈቃድ ይጠይቁ፤ ካልተገኘ ደግሞ በሌበር ደይ (በአሜሪካ የሠራተኞች ቀን) የሦስት ቀን ዕረፍት ይጠቀሙ፤ ያኔ ግን የሞተርና የጂፕ ብዛት አለ፤ አቧራውን ለመሸሽ ገና ሲነጋ መጀመር ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን ሌሊት ገኒሰን (2,350 ሜትር ግድም) ይደሩ። ሁለተኛውን ሲልቨርተን። በዚያ ቀን ከከተማው መንገዶች ወዲያ አይሂዱ። ጠዋት ሰው ሁሉ ራሱን ሳያመው ከተነሣ ብቻ ይቀጥላሉ።

መነሻው አኒማስ ፎርክስ ሳይሆን ዩሪካ ይሁን። ከዩሪካ እስከ አኒማስ ፎርክስ 6 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ዳገቱ 400 ሜትር ገደማ፤ ወንዙን ይዞ በሸለቆው ስለሚወጣ ከሲናሞን ፓስ ይልቅ ከመብረቅ የተሻለ ነው፤ ካምሪዋም እስከ ዩሪካ ያለ ጉዳት ትደርሳለች። ሲናሞን ፓስን ለዚህ ጉዞ ይተዉት። ከልጆቹ የ13 ዓመቱ በጣም ከጓጓ በሌላ ዓመት፣ ሲልቨርተን ላይ ጂፕ ተከራይታችሁ ሁለታችሁ ሂዱ። እናትዎ እስከቻሉበት ይሂዱ፤ ሲደክማቸው ከባለቤትዎ ጋር ይመለሱ፤ የመኪናው ቁልፍ ሁለት ይሁን። የስልኩን ነገር አስቀድመው ያስተካክሉ፤ ከአይፎን 14 ጀምሮ ያሉት ኔትወርክ በሌለበት በሳተላይት የአደጋ ጥሪ ያስተላልፋሉ፤ አጠቃቀሙን ቤት ሆነው ይለማመዱት። ወፍራም ሹራብና የዝናብ ካፖርት በመስከረምም አይቀርም፤ አውሮራ በካናቴራ የወጣ ሰው እዚያ ይንቀጠቀጣል።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይጀምሩ። 5 ሰዓት ላይ የትም ይሁኑ የት፣ ቤቶቹ ከፊታችሁ እየታዩም ቢሆን፣ ይመለሱ። ካምሪዋን ዩሪካ ሲያቆሙም አፍንጫዋን ወደ ሲልቨርተን አዙረው ያቁሟት።